ባሕር ዛፉንም ፎቶ እናንሣው

በጎንደር ተራቸውን ለሚጠብቁ ዘመዶቻችን የምንልከው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ሶፋውንና አዲሱን ልብስ ነው። አገሩን ግን አያዩበትም። ስለዚህ በናሕሊኤል የምንኖር ቤተሰቦች ከልጆቻችን ጋር በሰፈራችን መንገድ እየዞርን ፎቶ ማንሣት ጀምረናል።

ሰፈሩን ከእኛ በፊት ከየመን የመጡ አይሁድ ስለ መሠረቱት አሮጌ ቤቶቹን አነሣን። ቀጥሎ ባሕር ዛፉን። ሐደራ በ1891 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ምድሯ ረግረጋማ ነበር፤ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹን ወባ ፈጃቸው። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍም ተተከለ። በዚያው ዘመን ይኸው የአውስትራልያ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ለአዲስ አበባ ማገዶ እንዲሆን ገባ። ልጆቻችን «ኤካሊፕቱስ» ሲሉት አያቶች ቅጠሉን አሽተው በአማርኛ ስሙን ነገሯቸው።

በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሽመላዎች ከአፍሪካ ሲመለሱ በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ፤ ቀና ብለን እንጠብቃቸው።

ፎቶውን ስናሳትም በጀርባው የዛፉን፣ የወፉንና የመንገዱን ስም እንጻፍ፤ ልጅ በዕብራይስጥ፣ አያት በአማርኛ። እንዲህ ከሆነ ወገኖቻችን ሲመጡ አገሩ ባዕድ አይሆንባቸውም፤ በቤታችንም አያትና የልጅ ልጅ የሚነጋገሩበት ነገር አያጡም።