ቄሳር ከጭላሎ ሥር

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማን አልፈን አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ኢተያ ስንደርስ መስኮቱን ዘጋን። ወሩ ኅዳር ነበርና ግራና ቀኙ የደረሰ ስንዴ ነው። የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ ጮክ ብሎ ያነብባል። ትምህርት ቤታቸው የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ሊያሳይ ነው፤ እሱ ብሩተስን ይጫወታል። አሰላ እስክንገባ ቄሳርን ሦስት ጊዜ ገደለው።

እኛም ታሪኩን ከቴአትሩ ጋር ስናስተያይ ተጓዝን። ቄሳር የተገደለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ ማርች 15 ቀን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የዕድሜ ልክ ገዥ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። በሴራው ከ60 በላይ ሰዎች እንደነበሩና 23 ጊዜ እንደተወጋ የጥንት ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሼክስፒር ግድያውን ካፒቶል ላይ ያሳየናል፤ በታሪክ ግን የሆነው ከፖምፔ ቴአትር ጋር በተያያዘ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ናት። ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ጭላሎ ከበላይዋ ቆሟል። የባለቤቴ አጎት ቤት ጭኮና ትኩስ ወተት ጠበቀን። ከምሳ በኋላ ልጁ ትንሽ አሳያቸው። አባባ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሰውየው ሥልጣኑን የሚያስረክብበት ቀን አልነበረውም?»

«አልነበረውም አባባ፤ የዕድሜ ልክ ነው።»

«እንግዲያው ነገሩ የተበላሸው ቢላዋው ሳይመዘዝ ነው።»

ስለ ገዳ ነገሩን። አባ ገዳ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ከዚያ ለተተኪው ያስረክባል። ጎበዝም ቢሆን፣ ቢወደድም ቀኑ ሲደርስ ይወርዳል። የአርሲ ገዳ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ ተዳክሞ ቢቆይም አባባ ሕጉን ከአባታቸው ሰምተዋል። ዩኔስኮም የገዳን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

«ታዲያ ብሩተስ ትክክል ነበር?» አለ ልጁ። ብሩተስ ወዳጁን የገደለው ሪፐብሊኩን ለማዳን ነበር። ሮም ግን ተመልሳ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች፤ ከ17 ዓመት በኋላም አውግስጦስ ብቻውን ነገሠባት።

አባባ ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጄኔራል ተፈሪ በንቲን ስም ጠሩ። የደርጉ ሊቀ መንበር ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እስከ 1983 ዓ.ም. ያለ ተቀናቃኝ ገዙ። አባባ ያኔ ወጣት መምህር ነበሩ። «ማን ቀጥሎ ይሞት ይሆን እያልን ነው ያስተማርነው» አሉና ወደ ወተታቸው ተመለሱ። ልጁ ሌላ አልጠየቀም።

ወደ አሰላ ስትሄዱ በማለዳ ተነሡ፤ ለልጆቻችሁም ወፍራም ሹራብ ያዙ። ጭላሎ ጠዋት ከደመና ጠርቶ ይታያል። አዛውንት ዘመድ ካላችሁም ከምሳ በኋላ ለመነሣት አትቸኩሉ።

በመልስ ጉዟችን ብሩተስ እንደገና አነበበ። ከግድያው ጋ ሲደርስ ግን አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ ነው ያነበበው።