የሳነቴ ግልገል

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ወዲህ፣ በባሌ ክፍለ ሀገር ኑሮ በጦር ወሬ የሚለካ ሆነ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ወድቃለች፤ የባሌም ቆላ የጦር ሜዳ ሆኗል። የሮቤ ገብስ ግን እንደ ወትሮው ይታጨዳል፤ ጎባም ላይ ልጆች እንደ ወትሮው ለገና በትር ያለዝባሉ።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ቀን ምሽት፣ በገና ዋዜማ፣ ጎባ ውስጥ በኩራዝ ብርሃን ልጆቿን የምታስተኛ አንዲት መምህርት ትታሰብ። ባሏ የእናት ሀገርን ጥሪ ተቀብሎ በሚሊሺያ ዘምቷል። ከልጆቿ ጋር የጎረቤቷ ልጅ አለ፤ እናቱ ለበዓሉ ወተት አስይዛ ልካው፣ ብርዱ ስለ በረታ እዚያው አድሯል። የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም ቆላ ወርዶ ከወዲያኛው ወገን ተሰልፏል ይባላል። ሁለቱ እናቶች ይህን ያውቃሉ፤ አይነጋገሩበትም።

«እትዬ፣ ተረት ንገሪን» አለ እንግዳው ልጅ።

መምህርቷ ጥቂት አሰበች። የጦርነት ተረት ልጆቹ ቀን ሲሰሙ ውለዋል፤ የሰላም ተረት ደግሞ ውሸት መሰላት። በመጨረሻ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ መረጠች።

«ክርስቶስ በተወለደባት ሌሊት» አለች፣ «አንድ እረኛ በሳነቴ ላይ ግልገል ጠፋበት። ውርጩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ጅብራ ግልገሉን አይቶ ከነፋስ ከለለው። ፍልፈል ከጉድጓዱ ወጥቶ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘለት። ቀይ ቀበሮም መጥቶ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ አጠገቡ ተኛና አሞቀው።»

«ቀበሮ ፍልፈል አይበላም?» አለች ትንሿ ልጇ።

«ይበላል። በዚያች ሌሊት ግን ግልገሉ በመካከላቸው ነበረ። ሲነጋ እረኛው በሕይወት አገኘው፤ ከደስታው ብዛት በበትሩ ሩር መታ። ገና እየተባለ የምትጫወቱት ከእረኞች ደስታ የመጣ ነው ይባላል።»

እንግዳው ልጅ አልተኛም። «ከነጋ በኋላስ? ታርቀው ቀሩ?»

መምህርቷ የሚጠይቃት ስለ ቀበሮ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። አዎን ማለት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት ያስተኛቸዋል እንጂ አያሳድጋቸውም።

«ሲነጋ ቀበሮው ቀበሮ፣ ፍልፈሉም ፍልፈል ሆኑ» አለችው። «ግልገሉ ግን ኖረ።»

ልጁ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ ወደ ልጆቿ ተጠግቶ ተኛ። እሷም ያንዱን ብርድ ልብስ ጫፍ በሦስቱም ላይ ሳበች።

ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ተመለሰች፤ ከቆላ ግን ያልተመለሱ የሁለቱም ወገን ልጆች ብዙ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ቀይ ቀበሮው ዛሬም በሳነቴ ላይ ፍልፈል ያድን ነበር። ተረት ጦርነትን አያስቀርም። ጠላትነትን ያልመረጡ ልጆች ባንድ ብርድ ልብስ ሥር እንዲያድሩ ማድረግ ግን ይችላል፤ ለአንዲት የገና ሌሊት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።