በማን አቆጣጠር?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአክስቴ ቤት ቆርቆሮ ሌሊቱን ሲያፈስ አደረ። ያን ሁሉ ወለል ትቶ የወረደው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ ከቁም ሳጥኑም ፎቶዎቹ ያሉበት የብስኩት ጣሳና ሁለቱ አልበሞች ላይ። ጠዋት ስደርስ አክስቴ ፎቶዎቹን ሰፌድ ላይ ደርድረው ፀሐይ እስክትወጣ በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ።

"እትዬ፣ እንደ በርበሬ ሊያሰጧቸው ነው?"

"ታዲያ እርጥብ ነገር ምን ይደረጋል?"

ፀሐይ እርጥብ ፎቶን ትጠቀልለዋለች። ቤት ውስጥ አንሶላ ዘርግተን፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገን፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ አሰናዳናቸው። ተደራርበው ከደረቁማ አይላቀቁም፤ እላቅቃለሁ ሲሉ የአንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር ይሄዳል። ዛሬ ሁለት ሰዎች እንዲሁ አጥተናል።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከጀርባቸው በቀለም የተጻፈው ሁሉ እንደ ኩል ወርዷል። በእርሳስ የተጻፈው ግን አንድ ፊደል እንኳ አልተነካም።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

የአልበሞቹ ተራ። ትልቁ የድሮ ነው፤ ገጹ ጥቁር፣ ፎቶው በአራት ትናንሽ የወረቀት ማዕዘኖች የሚያዝ። እሱ ብዙም አልተጎዳም። ያስቸገረኝ ልጅ ሳለሁ በስንት ኩራት የተገዛው፣ ላስቲክ የለበሰው የሚጣበቅ አልበም ነው። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፎቶውን ነክሶ ይዞታል፤ ጥፍር አያስገባም። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አሳልፌ፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያልኩ፣ በአንድ ሰዓት ሦስት ፎቶ አወጣሁ። አራተኛው ላይ ወገቤ እምቢ አለ።

ጥቁርና ነጮቹ የአያቶቼ ዘመን ሆነው ጥርት ብለዋል። ባለቀለሞቹ፣ ከእነሱ ስንት ዓመት የሚያንሱት፣ ቀልተዋል። የዚያን ጊዜ ቀለም ህትመት ሰማያዊው ክፍል ቀድሞ ይሞታል፤ ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ ቢቀመጥም አይቀርለትም፤ ስለዚህ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። በእህቴ ልደት ላይ የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ የተቆጣ ይመስላል።

የአያቴ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። አልነካሁትም። መስኮት አጠገብ አድርጌ፣ ፍላሽ አጥፍቼ፣ ከነመስታወቱ በስልኬ አነሳሁት። አክስቴ "አባዬ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይወድ ነበር" ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ትናንት ቀኑን ሙሉ እናቴ የማይታወቅ ልጅ ነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ሕፃን ታቅፋ ፎቶ ቤት የተነሳችውን ከነጀርባው ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ጀርባው "1962" ይላል። ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅ ወዲያው "የ63 ዓመት ፎቶ!" ብላ በልብ ምልክት አጥለቀለቀችን። ከዚያ አንዱ የዘመድ ልጅ ቁጭ ብሎ አሰላ። እናትና አባቴ የተጋቡት 1959 ነው፤ ታላቅ ወንድሜ የተወለደው 1961። ከሜሪላንድ በመጣው ሂሳብ ግን ፎቶው የተነሳው እናቴ ገና ተማሪ ሳለች ነው። ታዲያ ሕፃኑ የማን ነው? እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር "የሰማሽው ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አንዷማ "ድሮም እጠረጥር ነበር" አለች። ምን እንደጠረጠረች እግዜር ይወቅ።

1962 የእኛው 1962 ነው፤ በፈረንጅ ከ1969 መስከረም እስከ 1970 ጳጉሜን። ፎቶው 55 ዓመቱ፣ ሕፃኑም ራሱ ወንድሜ ነው፤ አሁን ጡረታውን የሚቆጥረው። ነገሩን ካብራራሁ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ የተሰማ መሰለኝ። ምስጢር ማጣት ሰው ይከፋዋል።

ያም ሆኖ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች አይፈረድባቸውም። እዚያ የታጠቡት ፎቶዎች ጀርባ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ፣ እዚህ የታጠቡት ጀርባ ላይ ያለው የእኛ፤ ሁሉም በአንድ ጣሳ። ዛሬ ተቀምጬ እያንዳንዱ ቁጥር ጎን "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." እጽፍ ጀመር። በእርሳስ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ከጣሳው ሥር፣ በጨርቅ የተቋጠረ፣ አንገት ላይ እንዲታሰር ጆሮ የተበየደለት ጠገራ ብር ወጣ። የእህቴ ልጅ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ሊያብድ ነው። "1780! 245 ዓመቱ ነው! ሙዚየም ይገባል!"

ልቡን ልሰብረው አልወደድኩም፤ ግን ሰበርኩት። ብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለንግድ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀረ። ነጋዴውም ገበሬውም የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና። ጣሊያን እኛን ሊወር ሲሰናዳ እንኳ የብሩን ማተሚያ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ውስጥ አስመትቶታል፤ እሱም 1780 ይላል። በእኛ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ እየለቀቀ ብዙው ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ። ይህ የእኛው 28 ግራም ብር የቪየና ይሁን የሮማ ቁጥሩ አይነግርህም አልኩት።

"እና ስንት ዓመቱ ነው?"

አክስቴ ከጓዳ መለሱለት። "ጣሊያን ሲወጣ እኔ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ክርስትና ስነሳ አያቴ ከአንገታቸው ፈተው ለእናቴ ሰጧት። አልቅሼ አላስተኛ ስል እሱን ነበር የምታስጨብጠኝ።"

ልጁ ብሩን ጨበጥ አድርጎ አየው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ሆያ ሆዬዎቹ ሙልሙላቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ወደ ፎቶዎቹ ተመለስን። አንዲት ወጣት ሴት፣ ሹሩባ፣ ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ደረጃና ምሰሶ። ማንም አላወቃትም። ጀርባዋ ላይ "ለማስታወሻ" ይልና "ወለተ" ብሎ ይጀምራል፤ ቀሪውን ውኃው ወስዶታል።

"እትዬ፣ ወለተ ማን ናት?"

"በዚህ ቤት ወለተ ያልሆነች ማን አለች?"

እውነታቸውን ነው። የቤታችን ሴት ሁሉ በክርስትና ስሟ ወለተ እገሌ ናት፤ ላይ ላዩን ደግሞ ባል ቤት የወጣላት አለ፣ እናት ያቆላመጠችው አለ። አክስቴ ፎቶውን አቅርበው፣ አርቀው፣ መነጽር አውልቀው አዩት። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ቀርቷል፤ ፒያሳ የነበሩት አርመኖች ዘንድ የተነሳ ነው ይላሉ። አርመኖቹ በዚህ ሙያ ቆይተዋል፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሥራውን ወርሰዋል። ከማኅተሙ ግን ሴትዮዋ አልተገኘችም። "ነጠላው የእናቴ ይመስላል፤ ፊቱ ግን የእሷ አይደለም" አሉ። ተውሳ ይሆናል። እንዲያው "የአያቴን ነጠላ የለበሰች" ብዬ ጻፍኩባት።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ትልቁን አልበም ስጨርስ አንድ ባዶ ገጽ አገኘሁ። አራቱ የወረቀት ማዕዘኖች እንዳሉ ናቸው፤ ፎቶው የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ ጣሳውን አራገፍኩ።

"አትፈልጊ፤ ምድጃ ገብቷል" አሉ አክስቴ።

የገባው በ1970 ነው። ታናሽ ወንድማቸው ከጓደኞቹ ጋር የተነሳው ነበር። ስድስት ሆነው። አሰሳ መጣ ሲባል ፎቶ ከመጽሐፍም ይብሳል፤ አንዱ ከተያዘ "እነዚህ እነማን ናቸው?" ይባላል። አያቴ ቡና የሚቆላበት ከሰል ላይ አደረጉት። ልጁ ግን በዚያው ሳምንት ተወሰደ፤ አልተመለሰም። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በ2002 ሲከፈት ቤተሰቦች የሰጡት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። አክስቴ አንድ ጊዜ ሄደዋል። "ባዶ እጄን" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በገጹ ልክ ነጭ ወረቀት ቆርጬ ማዕዘኖቹ ውስጥ አስገባሁና ንገሩኝ አልኩ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ በእርሳስ ጻፍኩ። ከግራ ሁለተኛው እሱ ነው። ጎፈሬው ትልቅ ነው፤ አባቴ ቁረጥ እያሉ ይጨቀጭቁት ነበር። ኮቱ የባሌ ነው፣ ለፎቶው የተዋሰው፤ እጅጌው ረዝሞበት ወደ ውስጥ አጥፎታል። አልሳቀም፤ ከጎኑ ያለው ግን እየሳቀ ነው።

"መቼ ነው የተነሳው?"

ዓመቱን አላስታወሱትም። ብዙ አሰቡ።

"በጋ ነው። ጫማው አቧራ ነበረው።"