አሥራ አምስት ደቂቃ

«ወርክሾፕ» የሚለውን ቃል ደብረ ታቦር ላይ ብትጠሩት ሰሚው ሁሉ እንደ ሥራው ይተረጉመዋል። ለበያጁ ብረት የሚቆረጥበት ቤት ነው። ለወረዳ ሠራተኛው ደግሞ አበል፣ ሻይ ቡና፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ለደራሲ የሚሆን ወርክሾፕ አለ ብትሏቸው ሁለቱም ይስቃሉ። አጎቴ ስነግራቸው «ደሞ ለመጻፍ ምን መሣሪያ ያሻል?» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም፤ ታላቅ ሰው ሲቀልድ ዝም ማለት የአባት ነው።

በበኩሌ ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጋፋት ነው። ከከተማችን አፍንጫ ሥር ያለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ያላቸውን ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ያሉባት መንደር ናት። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ቢሆንም ተሞክሮ ሲከሽፍ፣ ከሽፎ ሲሞከር፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ግዳጁን ላመሰግን አይደለም። ግን እዚያ ቤት ሥራው እስኪወጣ ድረስ በሩ አልተዘጋም፤ እኔን የሚደንቀኝ ይኸ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ ጸሐፊዎች የተሰናዳ የሁለት ቀን ጉባኤ ነበር፤ ከኛ ግቢ አራት ሆነን ሄድን። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደኅናው ጊዜ ቁርስ በልቶ ወጥቶ ምሳ እዚያ መድረስ ነበር። ጦርነቱ ክልላችን ከገባበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ሲሆን ከርሟል። ስለዚህ እዚያ መድረሳችን ብቻውን አንድ ድርሰት ይወጣው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ምልልስ፣ ስለ ታሪክ አወቃቀር። መልካም ነበር፤ ግማሹን ግን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ያጓጓን ሁለተኛው ቀን ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ «የሙያ ቀጠሮ» ይላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አርታኢ እያንዳንዱን ጀማሪ ለብቻው ለ15 ደቂቃ ያነጋግረዋል፣ ጽሑፉን ያይለታል።

በሩ ላይ 22 ስም ተለጠፈ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል 14 ሰው፣ ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት 8 ሰው፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። ነገር ግን ጧት የክብር እንግዳው ንግግር አንድ ሰዓት በላ። አንድ ሰዓት ማለት እንግዲህ አራት ሰው ማለት ነው። አርታኢው ደግሞ አውሮፕላን አለበት።

እኔ ሰባተኛ ነበርኩ፤ ገባሁ። አርታኢው ጨዋ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፁን ሳያሰማ አነበበና ሁለት ቅጽሎች ሰረዘ፤ እውነቱን ነው፣ ቢወጡ ይሻል ነበር። ከዚያ «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? ባንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ» አለ። ነገርኩት። «ማሳተሚያውን ማን ይችልልሃል?» አለ። ለዚህ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም።

እንዲህ ብሎ መጠየቁ ክፋት አይደለም። በኛ አገር ደራሲ ማለት ባብዛኛው የራሱ አሳታሚ ነው። ረቂቁን ያስተይባል፣ ማተሚያ ቤት ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፣ ከዚያ ገንዘቡን ሲለምን ይኖራል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሳለ ረቂቅ ተቀብሎ የሚያነብ፣ ይህን ቀንስ ያንን ጨምር የሚል ደሞዝተኛ አርታኢ ነበር፤ ሳንሱሩም አብሮ ነበረ፣ ያንን ማንም አይናፍቀው። ዛሬ ረቂቅህን እስከ መጨረሻው የሚያነብልህ ሰው ካገኘህ ዘመድህ ነው፣ ወይም ገንዘብ ከፍለኸዋል።

ሃያኛዋ ከላይ ጋይንት የመጣች ልጅ ነበረች። ተማሪ ናት፤ ግጥሞቿን በሥርዝ ደብተር በእጇ ጽፋ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ከነፋስ መውጫ ተነሥታ፣ ደብረ ታቦር ዘመድ ቤት አድራ ነው የደረሰችው። አሥራ ስምንተኛው ሰው ሲወጣ አርታኢው ቦርሳውን ይዞ አብሮ ወጣ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ አድራሻውን ሰጠ። እሷም «ምንም አይደል» አለች። ደብተሩን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችው፤ ቀስ ብላ፣ ዕቃ እንዳይሰበር እንደሚጠቀለል።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ቅኔ የቆጠረ ነው። «እናንተ 15 ደቂቃ ለማግኘት ባሕር ዳር ትሄዳላችሁ። እኔ በየቀኑ ቀጠሮ ነበረኝ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ የቄስ ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የከተማ ልጆች ግን አሉና ልናገረው። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ብቻውን ጫካ ለጫካ፣ ወንዝ ለወንዝ እየዞረ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለት ይፈጥራል፣ ይመዝናል፣ ያፈርሳል። ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይዞ ይታገላል፤ የበሰለው ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ሲመሽ የኔታ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፤ እዚህ ቃሉ አይገባም፣ እዚህ ቤቱ አይመታም፣ ሰሙ ይኸ ከሆነ ወርቁ ምንድን ነው ይላሉ። ተማሪው ሲበዛ ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቹን ይሰማሉ። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ ነገም አዲስ ይዞ መቅረብ ነው። «የኔታ የመጨረሻውን ልጅ ሳይሰሙ ራት ሲቀርቡ አላየሁም» አለኝ ጓደኛዬ። እኔ ወዲያው ሃያኛዋ ትዝ አለችኝ።

አሁን እንግዲህ የቅኔ ቤት ገነት ነው ልል አይደለም። ጓደኛዬ ራሱ ክርኑ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን ያገኘው ነው። ረኃቡ፣ ቅማሉ፣ እከኩ፣ የክረምቱ ብርድ አለ፤ የጉናን ብርድ የማያውቅ ስለ ብርድ አይናገር። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ያቺ የላይ ጋይንት ልጅ እዚያም ቤት ብትሄድ ቦታ ማግኘቷ አጠራጣሪ ነው። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተምረው ወንዶቹን አስመርቀዋል፤ እሳቸውን ስንጠራ ግን ሁለተኛ ስም ፍለጋ እንንተባተባለን።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ከየትም ይምጣ ከየት ወደ ቤተልሔም ይመጣ ነበር፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ። ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናቸው። የሸዋውም የወሎውም ሰው በእግሩ ወደኛ የሚመጣው «አውቀሃል፣ ሂድ አስተምር» ለመባል ነበር። የሙያ ቀጠሮው እኛ ዘንድ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ ለመጻፍ የፈለግን ልጆች አገር አቋርጠን «ማን ይችልልሃል?» ለመባል እንሄዳለን።

ቀጠሮ ሁሉ ከንቱ ነው እንዳልል ደግሞ የማኬሬሬው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ኮሌጅ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተደረገ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ያኔ ጀምስ ንጉጊ የሚባል የ24 ዓመት ተማሪ ነበር። በመርሐ ግብር የተያዘለት ሰዓት አልነበረም፤ ረቂቁን ይዞ ማታ የቺኑዋ አቼቤን በር አንኳኳ። አቼቤ አነበበለት፣ ሐሳብ ሰጠው፣ ለአሳታሚው ለሃይንማን አደረሰለት፤ «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። አንድ ታላቅ ደራሲ አንድ ማታ በሩን ስለከፈተ!

ታዲያ ያው ንጉጊ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጉባኤውን ራሱን ጠየቀው። የተጠሩት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብቻ ናቸው፤ በስዋሂሊ የሚጽፈው ሻባን ሮበርት፣ በዮሩባ የሚጽፈው ፋጉንዋ በዚያ መስፈርት አይገቡም። ከዚህ ከጣና ዳር፣ ከዘጌ የወጣው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የአማርኛ ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር፤ ከማኬሬሬ 54 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። በሕይወት ኖሮ በአማርኛው ብቻ ቢመጣ እሱም ደጅ መቅረቱ ነው። ንጉጊ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እስኪያርፍ ድረስ በኪኩዩ መጻፉን አልተወም። በሩን አንኳክቶ የገባ ሰው ስለ በሩ መናገሩ ደስ ይለኛል።

እኛ አቼቤ የለንም፤ የኔታም የለንም። ያሉን ስምንት አንባቢዎች፣ ረቡዕ ማታ የሚለቀቅልን አንድ ክፍልና መብራት ከጠፋ አንድ ፋኖስ ነው። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ ያመጣ ሁሉ ይነበብለታል፣ ሰዓት አንይዝም። ከፍ ያሉት የታናናሾቹን እንዲሰሙ ጓደኛዬን አስነጋሪ አድርገነዋል። እሱም መጀመሪያ «የቤተ ክርስቲያኑን ስም ለዚህ?» ብሎ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ግን ዱላ ብቻ ነው የቀረው።

ለላይ ጋይንቷም ልጅ ላክንባት። መንገድ በተከፈተ ሳምንት ሦስት ግጥም ገልብጣ በሚኒባስ ረዳት እጅ ሰደደች። የመጀመሪያው ገብስ ስላቃጠለው የጉና ውርጭ ነው፤ ሁለተኛው ወጥቶ ስላልተመለሰ ወንድም። እነዚህን ሁለቱን ከጥቂት ቃል በቀር ሳንነካ ለዚህ ቅጠል ሰጥተናል። ሦስተኛው ተዘግቶ ስለከረመው ትምህርት ቤቷ ነው፤ በሱ ላይ ሁለት ረቡዕ ተከራከርን። አስነጋሪያችን «ወርቁ ቶሎ ታየ፤ ሰሙ ገና አልቀለጠም» ይላል። ሌሎቹ፣ እኔም ጭምር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰም የሚያቀልጥ ማን ነው እንላለን። እሷ እንድትፈርድ ሁለቱንም ሐሳብ ጽፈን በዚያው ረዳት ልከናል፤ መልሷ ገና አልደረሰም።