ልጄ፣ የብልቃጡን ጀርባ አንብቢ

ልጄ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን የብልቃጥ ፎቶ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። «አባዬ፣ እስቲ እይልኝ፣ ክብደት ይቀንሳል ይሉታል፣ ከጥሬ ቡና የተሠራ ነው» ብለሽኛል። ከዚያ በመጨረሻ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ከጀመርሽው ወዲህ ማታ ማታ ልብሽ ድው ድው እንደሚልና እንቅልፍ እንደራቀሽ ጣል አደረግሽ። እኔንም እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። አምና ስትመጪ ገና ከበር ሳታልፊ አክስቶችሽ «ወፈርሽ!» አሉሽ። በእኛ ዘመን ወፈርሽ ማለት ደላሽ፣ አማረብሽ ማለት ነበር፤ እነሱም ያሉት ከፍቅር ነው። አንቺ ግን ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። በዚህ ቤት የልጅ ክብር በኪሎ ተመዝኖ አያውቅም፣ ልጄ። ለጤናሽ ብለሽ ከሆነ ክብደት መቀነሱ ደግ ነገር ነው፤ ለሰው አፍ ብለሽ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ወደ ጥሬ ቡናው ልምጣ። ጅማ ተወልደሽ የቡና ስም ስታዪ እንደ ዘመድ ብታምኚው አልፈርድብሽም። እኔም ልጅ ሆኜ ቡና እየለቀምኩ፣ እያሰጣሁ ያደግሁ ነኝ። ይሁንና የዚህን ክኒን ታሪክ ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጥሬ ቡና ጭማቂ ክብደት በብዙ እንደሚቀንስ የሚናገር ጥናት ወጣ። የተሠራው ሕንድ አገር ነው፣ የተጠኑት ሰዎች ደግሞ 16 ናቸው። አሥራ ስድስት ሰው! የእናትሽ የጽዋ ማኅበር እንኳ ከዚያ ይበልጣል። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ሐኪሙ ዶክተር መህመት ኦዝ በዝግጅቱ አወደሰው፤ ገበያው ደራ። በኋላ ኤፍቲሲ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ፣ የጥናቱ መሪ የሰዎቹን ክብደት ደጋግሞ ቀያይሯል ሲል ከሰሰ። ጥናቱን በገንዘቡ ያሠራው ጭማቂውን የሚሸጠው ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኮሚሽኑ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ጥናቱም በዚያው ዓመት ከታተመበት መጽሔት ተነሣ። ክኒኑ ግን ከመደርደሪያ አልወረደም።

አያትሽ ነፍሱን ይማረውና ለሽምግልና ሲቀመጥ፣ የምስክሩን ቃል ከመስማቱ በፊት «ይህ ሰው ለከሳሹ ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ወንድሙ ከሆነ፣ ተበዳሪው ከሆነ፣ ቃሉን ይሰማል እንጂ በእሱ ብቻ አይፈርድም። አንቺም «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ባየሽ ቁጥር እንደ አያትሽ ጠይቂ። ማን አስጠናው? ስንት ሰው ላይ? ስንት ወር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የላክሽልኝ ፎቶ የፊቱን ብቻ ነው፤ ቀጭን ወገብና ትልልቅ ፊደል። እኔ 31 ዓመት ድራጊስት ሆኜ ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ብልቃጥን ከጀርባው ማንበብ ነው። አዙሪው። «ድራግ ፋክትስ» የሚል ሣጥን ካለው መድኃኒት ነው። «ሰፕልመንት ፋክትስ» የሚል ከሆነ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከመሸጡ በፊት ይሠራል ብሎ ያጸደቀው መሥሪያ ቤት የለም። ከዚያ ከፊቱ ተስፋ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ኮከብ በጣትሽ እየተከተልሽ ወደ ታች ውረጂ። ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ይህን አባባል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እንዳልገመገመው፣ ምርቱም የትኛውንም በሽታ ለማከም እንዳልታሰበ ተጽፎ ታገኛለሽ። ልጄ፣ ፊት ለፊት የማለልሽ ሰው ዞር ብሎ ቢክድ ዳግም ታምኚዋለሽ? እኛ ቤት ቃል አንድ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለውም አያዘናጋሽ። ኤፌድራ የሚባለውም ተክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አንቺ ባለሽበት በአሜሪካ የባልቲሞር ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ስቲቭ ቤችለር፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ በልምምድ ላይ ሙቀት ጥሎት በማግስቱ አረፈ። ኤፌድራ ያለበት የማክሻ ክኒን ይወስድ ነበር፤ ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ኤፌድራው ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተናገረ። በዓመቱ ታገደ። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒትም ልብንና አንጎልን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያም በኋላ ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው ተብለው በሚሸጡ ክኒኖች ውስጥ፣ ስሙ ሳይጻፍ ተደብቆ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። አሁን ስለ ልብሽ የነገርሽኝ ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባሻል። ግፊት ደግሞ በእናትሽ ወገን ያለ ነገር ነው።

ያሻሽን እየበላሽ ትከሻለሽ፣ ለሁሉም ሰው ይሠራል፣ ክኒኑን ብታቆሚም ክብደቱ አይመለስም፤ ከእነዚህ አንዱን የሚልሽን ሻጭ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቂ እለፊው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሐቀኛው ተስፋው ትንሽ ነው። እዚያ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ኤፍዲኤ የፈቀደው የክብደት መድኃኒት ኦርሊስታት አለ፤ እሱም ከምትበይው ስብ ሩብ ያህሉን እንጂ ሁሉን አይከለክልም፣ ምግብሽን ካልቀነስሽ እንደማይረዳሽ ይነግርሻል፣ ሆድሽን ሊያስቸግርሽ እንደሚችልም አይደብቅም። ውሰጂው ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛ ነገር እንዴት እንደሚናገር እንድታዪ ብዬ ነው።

እናትሽ ሐኪሙ ጨውና ቅባት ቀንሺ ካላት ወዲህ ከማዕድ ላይ እጇን ቀድማ ትሰበስባለች፤ ማለዳ ማለዳም እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። በሳምንት የቀነሰችው ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፣ ግን የወረደው አልተመለሰም። አንቺም የእሷ ልጅ ነሽ፣ ራስን መግዛት ከሩቅ የምትፈልጊው ነገር አይደለም።

ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ብልቃጡን ግን አትጣይው፤ በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ዘንድ ይዘሽው ሂጂና አሳዪ፣ የልብሽንም ምት ሳትደብቂ ንገሪ። ከዚያ በፊት ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ካዞረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው 911 ደውዪ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እጠብቅሻለሁ፤ ሐኪሙ ያለሽን አንድ በአንድ ንገሪኝ።

አባትሽ