ደም መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከማታ ፈረቃ የተመለሰች ሴት የነርሲንግ ትምህርቷን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች። ከወሎ ለጥየቃ የመጡት እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቧ ተቀምጠዋል። በመጽሐፉ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ፊት ተስሏል።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ደም መልስ ነው፣ እማዬ።»

ደም ቅዳ ደሙን ከልብ ያመጣል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። የፊት ደም መልስ ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ተነሥቶ በአፍንጫ ጎን ይወርዳል፤ ጉንጭን በሰያፍ አቋርጦ የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ ይሻገራል። ከዚያ በታች፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ከሚወርደው ሌላ ደም መልስ ቅርንጫፍ ጋር ተገናኝቶ ወደ አንገቱ ትልቅ ደም መልስ ይገባል።

አደጋው ያለው በላይኛው ጫፍ ነው። እዚያ በዓይን ጉድጓድ በኩል አልፎ፣ ከአንጎል ሥር ካለው ካቨርነስ ሳይነስ ከሚባለው የደም ማከማቻ ጋር ይገናኛል። ስሙ ደም መልስ ቢሆንም፣ ደሙ በዚህ መንገድ ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር አካባቢ የወጣ ብጉንጅ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ኢንፌክሽኑን ወደዚያ ይልካል። አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት እዚያ ከደረሰ የሚተርፍ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ይህን ገጽ ያነበበች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ታላቅ ወንድሟ በ12 ዓመቱ ከአፍንጫው ሥር ብጉንጅ ወጥቶበት ነበር። እናቱ በሁለት ጣታቸው ጨምቀው አፈረጡለት። ትኩሳት መጣ፣ ዓይኑ አበጠ፣ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ጎረቤቱ «ዓይን በላው» አለ። እናት ይህንኑ ይዘው 30 ዓመት ኖሩ። ዓይን ሲበላ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው።

እናት ጣታቸውን በሰማያዊው መስመር ላይ አስኬዱ፤ ከአፍንጫው ወደ ዓይኑ፣ ወደ ላይ።

«በዚህ ነው የሄደበት?»

«ሳይነካም ይሄዳል፣ እማዬ። ያጣው መድኃኒቱን ነው፤ ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ነበር።»

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። መጨመቅ ነገሩን እንደሚያባብስ ግን እዚያው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እናት እንግሊዝኛ አያነቡም። መጽሐፉን ዘጋችው።

እናት ለመኝታ ሲነሡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«አንቺ ግን የልጆችሽን ብጉንጅ እንዳትነኪ» አሏት።