የሻላ ደሴት ወፎች

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን ጎዳና ይዘው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፥ በስተ ግራ ላንጋኖ፥ በስተ ቀኝ አቢጃታና ሻላ የሚባሉት ሐይቆች ይገኛሉ። ባለፈው ጥር ተማሪዎቼን አስከትዬ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ጥርን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና እግረ ረጃጅም የውኃ ዳር ወፎች በዚያ ወራት ከአገሬው ወፎች ጋር አብረው ይውላሉና።

በሁለቱ ሐይቆች መካከል ካለው ከፊኬ ተራራ ላይ ሆኖ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ፥ ዓሣ የማይበረክትበት ሐይቅ ነው። አቢጃታ ጥልቀት የለውም፤ ዱሮ ግን ቆሮሶ ሞልቶበት ነበር።

ፔሊካን የሚባለው፥ ከመንቁሩ በታች ከረጢት ያለው ትልቅ ነጭ ወፍ፥ እንቁላሉን የሚጥለው በሻላ ደሴት ላይ ሲሆን፥ ምግቡን የሚለቅመው ግን ከአቢጃታ ነበር። ይህንን ስነግራቸው አንዱ ልጅ፥ «ጋሼ፥ ምነው ታዲያ ዓሣው ባለበት አይፈለፍሉም?» አለኝ። መልካም ጥያቄ ነው። ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው በመሬት ላይ ስለሆነ፥ በየብስ ቢሆን ቀበሮና ጅብ ጫጩት አያስተርፉለትም፤ ደሴቱን ግን ጥልቅ ውኃ ይጠብቀዋል። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ሊቃውንት የእነዚህን ወፎች አኗኗር አጥንተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 አሳትመዋል። ወፉ ከባድ በመሆኑ በክንፉ ጉልበት ብቻ ኮረብታውን መሻገር ይደክመዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው ይታገሥና፥ በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ እየዞረ ከፍ ካለ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ይሻገራል።

አቢጃታ ውኃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዝዋይ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝ ነው። የላይኛው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፥ የሐይቁም ውኃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲቀዳ፥ ዱሮ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ስፋቱ እስከ 2000 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ወረደ። ጨዉ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ።

ፍላሚንጎ ለጊዜው አልተከፋም፤ በጨዋማ ውኃ የሚበቅለውን ረቂቅ አረንጓዴ ተክል አጥልሎ ይበላልና። ትንሹ ፍላሚንጎ በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚፈለፍለው በታንዛንያው የናትሮን ሐይቅ ስለሆነ፥ እዚህ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ፔሊካን ግን ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነበት፤ በደሴቱም ላይ ጎጆው ተመናመነ። ለጫጩት የሚሆን ዓሣ በጉሮሮ ይዞ ያን ያህል መንገድ መመላለስ ቀላል አይደለም።

ስንመለስ በዝዋይ ወደብ አረፍን። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች ይሻሙ ነበር። ያ ልጅ፥ «ከእነዚህ ውስጥ የሻላዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ለይቼ ልነግረው አልቻልሁም። ጥቂት ቆይቶ አምስት ያህሉ ከውኃው ተነሥተው፥ እየዞሩ ከፍ አሉና ወደ ደቡብ አቀኑ፤ ልጁም እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው።